አብነትን አይቶ ለማያውቅ ገምጋሚ

ጥራዙ መደርደሪያው ላይ ነው። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ርእስ፣ ውስጡ መቶ ሃያ ምናምን ገጽ። ዲፌንሱ ካለፈ ከርሟል። አማካሪዎ በደወሉ ቁጥር «ያ ነገር የት ደረሰ? ለጆርናል ተላከ?» ይላሉ፤ እርስዎም «እየሠራሁበት ነው፣ ዶክተር» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። እንደማይሠሩበት ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።

ይህን የምጽፈው ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ነው። እኔም አንድ ጥራዝ ታቅፌ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጨክኜ ምዕራፎቹን አሳጠርኩና ላክሁት፤ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ገምጋሚ እጅ እንኳ አልደረሰም፣ አዘጋጁ ራሱ ነው የመለሰው። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበር፤ ጽሑፉ ምን እንደሚጠይቅ አልገባኝም ይላል። ያን ቀን ተናደድኩ። ዛሬ ሳነበው ግን ሰውየው እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እንበልና የሁለተኛ ዲግሪ ጥናትዎን የሠሩት በአዲስ አበባው አብነት ሰፈርና ከዚያ ወደ መርካቶ በሚያስገቡት ተራዎች በሚሠሩ ተሸካሚዎች የወገብ ሕመም ላይ ነው። ጥናቱ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ሥራው ግን አይደለም። ጠዋት በዚያ ያለፈ ሁሉ ጆንያ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «መንገድ! መንገድ!» እያለ የሚገሰግሰውን ሰው ያውቀዋል። ጽሑፍዎን የሚገመግመው ሰው ግን አያውቀውም። ምናልባት የሚኖረው ማኒላ ነው፣ ምናልባትም ኦስሎ። ይህን ሰው ከአሁን ጀምሮ አጠገብዎ ያስቀምጡት፤ ከዚህ በኋላ የምንሠራው ሁሉ ለእሱ ነው።

ጥራዙን ዘግተው ይጀምሩ

ጥራዝ የሚጻፈው ማወቅዎን ለማስመስከር ነው። ያነበቡት ሁሉ ይገባበታል፣ መቅረት ያለበትም አይቀርም፤ ፈታኞቹ «ይህንንስ አላየኸውም?» እንዳይሉ። የጆርናል ጽሑፍ ደግሞ አንድ ነገር ለመናገር ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ከጥራዙ እየቆረጡ መለጠፍ የአባትን ኮት እጅጌ አሳጥሮ ለልጅ እንደማልበስ ነው፤ እጅጌው ልክ ቢሆን ትከሻው ያሳብቃል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሙያው ከሙያዬ የማይገናኝ አንድ ወዳጅ ይዤ ሻይ ቤት እገባለሁ፤ ያጠናሁትን በአማርኛ፣ ወረቀት ሳልይዝ፣ እነግረዋለሁ። ትንሽ ይታገሠኝና «እሺ፣ እና ምን አገኘህ?» ይለኛል። ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው መልስ ጽሑፌ ነው፤ ከዚያ በፊት የተናገርኩት በሙሉ መግቢያ ነበር። እርስዎም መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ለምሳሌ «በጋሪ የሚገፉት በጀርባቸው ከሚሸከሙት ያነሰ ይታመማሉ» የሚል። ይህን ዓረፍተ ነገር የማይደግፍ ሠንጠረዥ ሁሉ ከጽሑፉ ይወጣል። አዎ፣ ሦስት ሌሊት ያደሩበትም ጭምር። ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ካሉዎት ሁለት ጽሑፍ ሊወጣዎት ይችላል፤ አንዱን እንጀራ አምስት ቦታ ቆራርሶ አምስት እንጀራ ነው ማለት ግን አዘጋጆች የሚያውቁት ተንኮል ነው።

አንድ ነገር ብቻ መናገር ያሳንሳል ብለው ከፈሩ ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውኃ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ናቸው። በዓመቱ ያወጡት ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ነበር፤ ራሱን የሚጠራውም ቅድመ ዘገባ ብሎ ነው። የሚናገረውም አንድ ነገር ነው፦ እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል። የወጣበት ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከ መሸለም የደረሱት ያንን አንድ ነገር ሩብ ምዕተ ዓመት ተከታትለው ነው።

ከመጻፍ በፊት ጆርናሉን መምረጥ

ብዙ ሰው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው የት ልላከው የሚለው። ይህ ልብስ አሰፍቶ ሲያበቃ ልኩን እንደ መለካት ነው። አንዱ ጆርናል 3000 ቃል ይበቃል ይላል፣ ሌላው 5000 ይፈቅዳል፤ አንዱ ዋቢዎቹን በቁጥር ይፈልጋል፣ ሌላው በስምና በዓመት። ስለዚህ አስቀድመው ሁለት ወይም ሦስት ጆርናል ይምረጡ፤ ከእያንዳንዳቸው በቅርብ የወጡ አምስት ጽሑፎች ያንብቡ፤ «የእኔ ከእነዚህ አጠገብ ቢቀመጥ ያፍራል?» ብለው ይጠይቁ። አጠገቡ የሚያስቀምጡት ጽሑፍ ካጡ ጆርናሉ የእርስዎ አይደለም፤ ዝናው ምንም ያህል ቢሆን።

የአገር ቤት ጆርናል የሚንቁ አሉ። እኔ አልስማማም። የወገብ ሕመሙ ጥናት ከማን ጋር ይነጋገራል? ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ከጤና ቢሮ፣ ከሌላ አገር በቀል ተመራማሪ ጋር ከሆነ ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል፣ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ጆርናል ትክክለኛ ቤቱ ነው። ነገሩ ወደ ታሪክና ማኅበረሰብ ካዘነበለ፣ ለምሳሌ መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ ገበያ ተነሥቶ እንዴት ወደ ምዕራብ እንደ ሄደና የተሸካሚው ሥራ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ መሰለ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚያወጣው ጆርናል በአማርኛ የተጻፈም ይቀበላል። ሕመሙ በከባድ ጭነት የሚሠሩትን ሁሉ የሚመለከት አዲስ ነገር ካሳየ ደግሞ የሥራ ጤና ዓለም አቀፍ ጆርናሎች አሉ።

ተጠንቀቁ የምለው ስለ አንድ ነገር ነው። ስምዎ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ «የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ» የሚል ኢሜይል ይጎርፍልዎታል፤ ፕሮፌሰር ባይሆኑም። በአንድ ሳምንት እንገመግማለን፣ በሁለት ሳምንት እናወጣለን ይላል። ክፍያው የሚነገርዎት ከተቀበልን በኋላ ነው፤ ጽሑፌን መልሱልኝ ቢሉ ደግሞ ለመመለስም ይከፈላል ይሉዎታል። ከመላክዎ በፊት ጆርናሉ ዳይሬክተሪ ኦፍ ኦፕን አክሰስ ጆርናልስ በተባለው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ አፍሪካዊ ከሆነ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ መኖሩን ይመልከቱ። ቲንክ፣ ቼክ፣ ሰብሚት የተባለው የጥያቄ ዝርዝርም አለ፤ ለማለፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የአገር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ከሰጣቸው መካከል መሆኑን ይጠይቁ፤ የደረጃ ዕድገት ሲጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎ ይህን መጠየቁ አይቀርም።

ክፍያን በተመለከተ፣ እውነተኛ ሆነው በሺህ ዶላር የሚቆጠር ክፍያ የሚጠይቁ ጆርናሎች አሉ። ብዙዎቹ ግን ከኢትዮጵያ ተቋም ለሚልክ ጸሐፊ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይተዋሉ። ይህን የሚጠይቁት ሲልኩ ነው፤ ከተቀበሉ በኋላ ብዙ ጊዜ አይሰሙዎትም። እንዲሁም አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ነው የሚላከው። «ሁለቱም ጋ ልላከው፣ አንዱ ከያዘ ሌላውን እተዋለሁ» ያለ የማውቀው ሰው በሁለቱም ጆርናል የተጠሉ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ገምጋሚው አንድ ሰው ነበረ።

የት እንደ ሆነ ንገሩን

የጥናት ቦታ የሚለው ክፍል በእኛ ጥራዞች ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. መቆርቆሯ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2355 ሜትር መሆኗ፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ መሆኗ፣ ከዚያም መርካቶ በአፍሪካ ትልቁ የገበያ ቦታ መሆኑ። የመጨረሻው ላይ ገምጋሚው «ማን ለካው?» ይላል፤ መልስ የለዎትም። የፊተኞቹ ደግሞ ስለ ወገብ ሕመም ምንም አይናገሩም። ሁሉንም ያውጡ።

በምትኩ ለማኒላው ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ዕቃው በምን መኪና ይመጣል፣ የት ይራገፋል፣ ከማራገፊያው እስከ መጋዘኑ ስንት ሜትር ነው፣ መንገዱ ድንጋይ ነው ወይስ አስፋልት፣ ክረምት ምን ይሆናል? ተሸካሚው የሚከፈለው በጉዞ ነው ወይስ በቀን? አንድ የስኳር ጆንያ ስንት ኪሎ ነው? እነዚህን በሚዛንና በሜትር ከለኩ በአንድ ጥሩ አንቀጽ ሥዕል ይወጣልዎታል፤ ካልለኩም ያዩትን በግልጽ ይጻፉ። አብነት ላይ ቆመው ያዩትን ሌላ ማንም ሊያየው አይችልም፤ የጽሑፍዎ ጉልበት ያ ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት ሰነድ የገለበጡት መግቢያ ኦስሎም አለ።

የመጠይቁ ቃልም የቦታው አካል ነው። መጠይቁ «የታችኛው ጀርባ ሕመም» ይላል፤ ተሸካሚው ግን «ወገቤን ያዘኝ» ነው የሚለው፣ «ጀርባዬን» ሲል ደግሞ ከትከሻው በታች ያለውን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የኖርዲክ መጠይቅ ተጠቅመው ከሆነ የሰውነት ሥዕል አለው፤ ሥዕሉን አሳይተው ከሆነ ይናገሩ። ወደ አማርኛ ማን ተረጎመው? ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ተርጉሞ ተነጻጽሯል? ከተጠያቂዎቹ መካከል ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀናቸው ነበሩ? ለእነሱስ ማን ጠየቀ? ይህን ሁሉ በአራት መስመር መጻፍ ይቻላል፤ እነዚህ አራት መስመሮች ከአራት ገጽ የንድፈ ሐሳብ ትንታኔ ይበልጥ ያሳምናሉ።

384 እና ሌሎች ቁጥሮች

በኢትዮጵያ የጤና ጥናት ያነበበ ሰው 422 የሚለውን ቁጥር እንደ ጎረቤቱ ስልክ ያውቀዋል። ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ይባላል፣ እርግጠኝነቱ 95፣ ስሕተቱ 5፣ ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ይጨመራል፣ 422። ቀመሩ ኃጢአት የለበትም። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ተሳታፊዎቹ በቀላል የዕጣ ዘዴ ተመርጠዋል»። ከየትኛው ዝርዝር? የአብነት ተሸካሚዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ ካለ ጥሩ። ከሌለ ዕጣ አልወጣም፤ የተገኘው ሰው ነው የተጠየቀው። ያደረጉትን ይጻፉ፦ የማራገፊያ ቦታዎቹን ቆጠርን፣ በየቦታው ጠዋትና ከሰዓት ሄድን፣ ከየሦስቱ አንዱን ጠየቅን። ገምጋሚ ድክመትን ይቅር ይላል፣ ውሸትን ግን አይልም።

ሰዓትና ቀን ላይ ደግሞ የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ። ተሸካሚው «ሥራ የምጀምረው በ12 ሰዓት ነው» ይላል፤ መረጃ አስገቢው 12 ብሎ ያስገባል፤ ገምጋሚው እኩለ ቀን ነው ብሎ ይረዳል። ከመላክዎ በፊት የሰዓት ዓምዱን በሙሉ ይመርምሩ። መረጃ የተሰበሰበበት ጊዜም እንዲሁ። መስከረም 2016 ዓ.ም. በፈረንጁ ሴፕቴምበር 2023 ነው፣ ጥር 2016 ግን በአብዛኛው ጃንዋሪ 2024። ልዩነቱ እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንታት 7 ነው፣ ከዚያ ወዲህ 8፤ ሁሉንም በአንድ ቁጥር የለወጠ ሰው ጥናቱን በአንድ ዓመት ያሳስታል። ወሩ ራሱ ትርጉም እንዳለው ይንገሩ፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማና በፋሲካ ሰሞን የተጠየቀ ተሸካሚና በጾም መካከል የተጠየቀ ተሸካሚ አንድ ዓይነት ጭነት አልተሸከሙም።

ዕድሜ ሲጠየቅ ሰው ወደ 25፣ ወደ 30፣ ወደ 35 ያጠጋጋል። ከሠንጠረዡ ላይ ይህ ጎልቶ ከታየ አይደብቁት። ኤስፒኤስኤስ የሚያወጣው 0.000 የሚል ዕድል ዜሮ ማለት አይደለም፤ ከ0.001 ያነሰ ተብሎ ነው የሚጻፈው። በመቶኛ ሲጽፉ ሁልጊዜ ስንት ከስንት እንደሆነ ይጨምሩ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ከማስታወስ ለመስቀለኛ ጥናት የተዘጋጀውን ስትሮብ የተባለ የማመሳከሪያ ዝርዝር ማውረድ ይሻላል፤ ብዙ ጆርናሎች ተሞልቶ ከጽሑፉ ጋር እንዲላክ ይጠይቃሉ።

ሲጽፉ ከሠንጠረዦቹ ይጀምሩ፣ ከዚያ ዘዴው፣ ከዚያ ውጤቱ፣ ከዚያ ውይይቱ፤ መግቢያው ከእነዚህ ኋላ፣ አብስትራክቱ ከሁሉ ኋላ። ውይይት ውስጥ ደግሞ «ይህ ውጤት በናይጄሪያ ከተሠራው ጋር ይስማማል፣ በሕንድ ከተሠራው ጋር አይስማማም፣ ምክንያቱ የባህል ልዩነት ሊሆን ይችላል» የሚለውን ዜማ ይተዉት። የሚያስፈልገው ሌላ ነው። እያንዳንዱን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ጥናት ምክንያትን አያሳይም፤ ሸክሙ ወገቡን አሳመመው ወይስ ወገቡ የታመመው ሰው ወደ ጋሪ ዞረ? ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እርስዎ ያላገኙት ሰው ነው። ወገቡ ክፉኛ የተጎዳው ተሸካሚ አብነት ላይ የለም፣ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ያገኙት መቶኛ ከእውነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህችን አንቀጽ የጻፈ ሰው ቦታውን እንደሚያውቅ ገምጋሚው ወዲያው ይረዳል።

ፈቃዱና ስሞቹ

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን በጽሑፉ ውስጥ ይገባል። የክፍለ ከተማው የትብብር ደብዳቤ ሌላ ነው፤ ያ በሥነ ምግባር ፈቃድ ምትክ አይቆምም። ማንበብ የማይችል ተሳታፊ እንዴት ፈቃዱን እንደሰጠ ይጻፉ፤ በቃል ከሆነ ማን መሰከረ፣ በአሻራ ከሆነ ያ። በግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ሁለት ጉዞ ያመለጠው ሰው ካሣ ተከፍሎት እንደሆነም ይናገሩ፤ ተሸካሚ ሰዓቱ እንጀራው ነው። ፊቱ የሚታይ ፎቶ ያለ ፈቃዱ አይላክም።

ደራሲ ማን ነው የሚለው ደግሞ ጓደኝነት የሚያፈርስ ጉዳይ ነው። የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ ለሐሳቡ ወይም ለመረጃው ወይም ለትንታኔው ጉልህ ድርሻ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም ናቸው፣ አንዱ አይደለም። ለሁለት ሳምንት መጠይቅ ያስሞላ ወንድምዎ ምስጋና ይገባዋል፤ ደራሲ ግን አይሆንም። ስማቸው እንዲገባ ብቻ የሚፈልጉ አለቃም እንደዚሁ፤ «ዶክተር፣ ቅጂውን እስከ አርብ አይተው አስተያየት ይስጡኝ፣ ጆርናሉ የሁሉንም ድርሻ በዝርዝር ይጠይቃል» ብሎ መላክ ሳይጣሉ ነገሩን ያጠራዋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቋንቋውን አርሞልዎት ከሆነ ይህንኑ ይግለጹ፤ ደራሲ ተደርጎ ግን አይቆጠርም። ያልነበረ ዋቢ ፈጥሮ ሊሰጥዎት እንደሚችል ደግሞ አይርሱ፤ እያንዳንዱን ዋቢ ከፍተው ይዩት።

አሁን ወደ ራስዎ ስም። የጆርናሉ ቅጽ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያለን የራስና የአባት ስም ነው። በዚህ የተነሣ የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 2000 ያገኟትን የሕፃን ቅሪተ አካል፣ ሰላምን፣ በ2006 ኔቸር ላይ ሲያወጡ ዓለም የሚጠቅሳቸው በአባታቸው ስም ሆነ። የእንዶዱ ጽሑፍም ዛሬ የሚጠቀሰው «ለማ» ተብሎ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ውስጥ ግን ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም መጠቀሱ ልማድ ነው። መቀየር አይችሉም፤ ማድረግ የሚችሉት አንድ አጻጻፍ መርጠው ዕድሜ ልክዎን መያዝ ነው። ጸጋዬ የሚባል ሰው በአንዱ ጽሑፍ ላይ በሁለት የላቲን ፊደል ጀምሮ በሌላው በአንድ ከጀመረ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ ዛሬውኑ ይክፈቱ፤ ነጻ ነው። ለደብዳቤ መለዋወጫ የሚሰጡት ኢሜይልም ሲመረቁ የሚዘጋው የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ብቻ አይሁን።

የመላኪያው ሌሊት

የሚላኩት ነገሮች ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ የደራሲዎች ስም ያለበት የርእስ ገጽ ለብቻው፣ ስም የሌለበት ዋናው ጽሑፍ፣ ሠንጠረዦቹ በራሱ በወርድ ላይ የተሠሩ እንጂ ፎቶ ያልሆኑ፣ ሥዕሎች በ300 ዲፒአይ፣ ሸኚ ደብዳቤ፣ የጥቅም ግጭት መግለጫ። ገምጋሚው ስምዎን እንዳያውቅ በሚደረግ ግምገማ የፋይሉ ንብረት ውስጥ የተቀበረውን ስም ማጥፋት ብዙ ሰው ይረሳል። ዋቢዎቹን በእጅ አይደርድሩ፤ ዞተሮ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይሠራዋል።

ሸኚ ደብዳቤ ሲባል የእኛ ቢሮ ሸኚ ደብዳቤ ትዝ ይለናል፤ «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» የሚል። ለጆርናል እንደዚያ አይጻፍም። ሦስት አጭር አንቀጽ ይበቃል፦ ሻይ ቤት የተናገሩት ያ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለምን ለዚህ ጆርናል አንባቢ እንደሚሆን፣ ሌላ ቦታ እንዳልተላከ። ሁሉንም በኮምፒውተርዎ ላይ አዘጋጅተው ሲያበቁ ብቻ ወደ ጆርናሉ ገጽ ይግቡ። ገጹ ላይ እየጻፉ መብራት ቢሄድ የጻፉት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ እኔ በላክሁበት ሌሊት ሁለት ጊዜ ጀምሬ በሦስተኛው ነው የጨረስኩት።

ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት። ሰላም ተገኝታ ኔቸር ላይ እስክትወጣ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ የእርስዎ እንዲህ አይቆይም። ሦስት ወር አልፎ ድምፅ ከሌለ ለአዘጋጁ አጭር የትሕትና መልእክት መላክ ነውር የለውም።

መልሱ «ከፍተኛ ማሻሻያ» ካለ ደስ ይበልዎት። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ይሰብረዋል፣ ተማሪው ያቃናል፣ እንደገና ይነግራል፤ ማንም በመጀመሪያው ቀን ተቀኘሁ ብሎ አይመለስም። ግምገማም እንዲሁ ነው። የገምጋሚውን አስተያየት አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥተው በሠንጠረዥ ይጻፉ፤ በጎን ያደረጉትን፣ በጎን የሚገኝበትን ገጽና መስመር። ያልተስማሙበት ካለ በማስረጃ ይንገሩት፣ በትሕትና ግን ወለም ዘለም ሳይሉ። «ይህን ያህል ተሸካሚ ለምን በጋሪ አይሠራም?» ብሎ ከጠየቀዎት አይቆጡት፤ የአብነት ጠባብ ቅያስ ስላልታየው ነው፤ የዘዴው ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ይጨምሩ።

ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የኅትመቱ ማረጋገጫ ቅጂ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በ48 ሰዓት መልሱ ይላሉ። ሠንጠረዦቹን ከዋናው ፋይል ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያዩ። ስምዎን ፊደል በፊደል ያንብቡ፤ የአባትዎም ስም የራስዎን ቦታ ይዞ እንዳይቀመጥ ይመልከቱ። ከዚያ ፍለጋው ውስጥ የሰፈሩን ስም ያስገቡ፤ አራሚው ኮምፒውተር «አብነት» የሚለውን አያውቀውምና አንዱ ቦታ ላይ «ካቢኔት» አድርጎት ያገኙታል።